በሊያ ጎን ላይ የወጣው እጅ

እጁ የወጣው ጠዋት ነው።

አስካለማርያም የአራስ ልጇን ጨርቅ ስትፈታ መጀመሪያ ያየችው አውራ ጣቱን ነበር፤ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ። ልጅቷን ቀስ አድርጋ በጎኗ ስታዞራት አራቱ ጣቶች ከጀርባዋ በኩል ተሰልፈው ጠበቋት። ከውጭ የተጫነ አይመስልም። አንድ ሰው ከቆዳው ማዶ፣ ከውስጥ ሆኖ፣ መዳፉን ለጥፎ እስኪነጋ የቆመ ይመስላል።

ባሏ ወልደተንሣኤ ደጃፉ ላይ የፍየል ቆዳ ሲወጥር ነበር። ጩኸት ቢሰማ ይሻለው ነበር። የሰማው ግን የሚስቱን ዝግ ያለ ድምፅ ነው።

«ና እስቲ እይ» አለችው። «እንደ ወንድሟ ነው።»

ወንድሟ ዓምና ይህችኑ ቤት አይቶ የሄደው ነው። አርባው ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ፣ ስም እንኳ ሳይወጣለት ሞተ። ቆዳው ከተነካበት ቦታ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይንሸራተት ነበር። አልተጠመቀምና ፍትሐት ሳይፈታለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከአንድ ጽድ ሥር አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ስለ እሱ አፍ አውጥተው ተነጋግረው አያውቁም። አስካለማርያም ግን ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሲወጣ ባየች ቁጥር ታንጎራጉራለች፤

ጉሙ ሲወጣ ከቆላ ተነሥቶ፣
ልጄን እንዳያይብኝ በሬን ገፍቶ ገብቶ።

ስለዚህ ሊያ ስትወለድ ቤቱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰማንያዋን። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። እስከዚያ ትድረስላቸው እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። አሁን እጁ መጣ።

ወልደተንሣኤ ከአንኮበር ዝቅ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር የተወለደ የካህናት ቤት ልጅ ነው። በልጅነቱ ለዜማ ተልኮ ድምፁ እምቢ አለው። መምህሩ፣ «ልጄ፣ አንተ ስትጮህ ፍየሎቹ ይመልሱልሃል፤ ከእነሱው ጋር ብትውል ይሻልሃል» ብለው መለሱት ይባላል። እሱም ከፍየሎቹ ጋር ዋለ፤ በሕይወት ካሉት ጋር ሳይሆን ከቆዳቸው ጋር። አባቱ ብራና ፋቂ ነበር፣ ልጁም ብራና ፋቂ ሆነ። ገና በጎረምሳነቱ የመፋቂያው ስለት የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ከመካከለኛዋ አንጓ ላይ ቆርጦ ወሰዳት። ሰዎች «ጣትህን የት አደረግካት?» ሲሉት፣ «አንዱ ዳዊት ውስጥ ተጠርዛለች፤ የትኛው ደብር እንደሆነ እንጃ» ይላል። ይህንን ሲል ፈገግ አይልም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚስቀው።

ብራና ፋቂ አንድ የሚፈራው ነገር አለ። ቆዳ ውኃ ውስጥ ሲነከር ልክ አለው። ካነሰ ለመወጠር ይደርቃል። ከበዛ ደግሞ ጠጉሩ ከላይኛው ስስ ሽፋን ጋር ተላቆ እጅ ላይ ይቀራል፤ ሳይፋቅ፣ ሳይጎተት፣ እንዲሁ። ወልደተንሣኤ ያን ጊዜ የሚመጣውን ያውቀዋል። ድምፅ አይደለም። አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይዞት የኖረ ነገር ድንገት ሲተወው የሚመጣ ዝምታ ነው።

የወንድ ልጁ ቆዳ ሲንሸራተት ያው ዝምታ ቤቱ ውስጥ ገባ። ለማንም አልተናገረም። ግን ከዚያ ወዲህ እጁን ወደ ሕፃን አይዘረጋም። ሊያ ከተወለደች ጀምሮ ከሩቅ ያያታል፤ ስትተኛ ወደ አልጋው ጠጋ ይላል፣ ስትነቃ ይወጣል። አስካለማርያም አንድ ሁለቴ «ምነው፣ አትነክስህም» ብላው ነበር። ኋላ ተወችው።

እማማ ወለተሐና የአባቱ እኅት ናቸው፤ እናቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እሳቸው። አራስ ሊጠይቁ ከመዘዞ እንደመጡ እዚያው ሰነበቱ። ልጅቷን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ውዳቂ» ነው የሚሏት፤ ክፉ ነገር ሰምቶ እንዲንቃት። ጠዋት እጁን ሲያዩ አልደነገጡም። የአስካለማርያምን ቀኝ እጅ ያዙና ከልጅቷ ጎን በላይ፣ ሳያስነኩ፣ ዘረጉት። አውራ ጣት ከአውራ ጣት፣ ትንሽዋ ከትንሽዋ። ልክ ነው።



«ሾተላይ እጅ የለውም» አሉ እማማ ወለተሐና። «የእናትን እጅ ይዋሳል።»

«ትናንት ሳጥባት ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ የኔ እጅ ቢሆን ምን ይገርማል?» አለች አስካለማርያም።

«ሰው ሁሉ ልጁን በእጁ ያነሣል የኔ ልጅ። የማን ልጅ ላይ እጅ ይበቅላል?»

ወደ ባሏ ዞረች፤ ባሏ መሬት ያያል።

አሮጊቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። የቆረጡትም ነገር በዚያ አገር ያልተሰማ አልነበረም፤ ሾተላይ ያለባት እናት ልጅ በሌላ ጡት፣ በሌላ ጣራ ሥር ሲያድግ ይተርፋል ይባላል። መዘዞ ያለችው ልጃቸው የምታጠባ ናት፤ ውዳቂን እሷ ትወስዳለች። እስከዚያ እናቲቱ በእጇ እንዳትነካት።

«እጄን እሰሩት» አለች አስካለማርያም። «ጡቴን ግን ተዉላት።»

በንዴት የተናገረችው ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ልጅቷ በቀረበች ቁጥር እጇን በነጠላዋ እውነትም ወደ ኋላ ያስሩት ጀመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጠባው እንዲህ ሆነ፤ ልጅቷ አልጋ ላይ በታጠበ የበግ ጠጉር መሐል ማንም ሳያነሣት ትጋደማለች፣ እናቲቱ እጇን የፊጥኝ ታስራ በጉልበቷ ተንበርክካ ጡቷን ታወርድላታለች። ወልደተንሣኤ በበሩ ስንጥቅ የገባው ብርሃን የሚስቱን የታሰረ እጅ ሲያሳየው ፊቱን ያዞራል። እሷ ግን ታዜማለች፤

ያቀፈ ሲያቆስል፣ የዳሰሰ ሲያደማ፣
ለየትኛው ዳኛ አቤት ልበልማ።

አስፈሪው ነገር፣ ቁስሉ እየደረቀ ሄደ። እጁ ደበዘዘ። ሌላ እጅም አልወጣም። አሮጊቷ «አያችሁ» አላሉም፤ ደግ ናቸው። ዝም ብለው ለጉዞ ጨርቅ ማጠብ ጀመሩ። አስካለማርያም መዝፈኗን አቆመች። የራሷን መዳፍ ገልብጣ እያየች ትቀመጣለች፤ እንግዳ ሰው ቤቷ ገብቶ የቆየባት ይመስል።

ሊያን ሊወስዷት ሁለት ሌሊት ሲቀር፣ ከቀትር በኋላ ጉሙ ወጣ። የአንኮበር ጉም ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ ከአሊዩ አምባ በኩል ቆላው ጥርት ብሎ ሲታይ ቆይቶ ድንገት አገሩ ይጠፋል። አስካለማርያም ምንጭ ወርዳ ነበር። እማማ ወለተሐና ጎረቤት ደርሰው ሊመጡ ወጥተዋል። ወልደተንሣኤ ቆዳውን ትቶ ቤት ሲገባ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ለቅሶዋ ተቆረጠ፣ ትን አላት፣ ፊቷ ጠቆረ።

አላሰበም። በቀኝ እጁ ከብብቷ ሥር ይዞ፣ በግራው ራሷን ደግፎ አነሣት። ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጀርባዋን መታ መታ ሲያደርጋት አየር አገኘች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የያዛት። ከጠበቀው በላይ ትሞቅ ነበር። አንገቱ ላይ ትንፋሿን እየሰማ ጥቂት ቆመ፤ ከበሩ ውጭ ነጩ ጉም ብቻ ነው ያለው፣ ዓለም አልቃ እነሱ ሁለቱ የቀሩ ይመስል። ከዚያ አስተኛት። ወጣ። ለማንም አልተናገረም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እማማ ወለተሐና ጨርቋን ሊቀይሩ ፈቱ።

«ነካሻት» አሉ።

«አልነካኋትም።»

«አስካለማርያም።»

«በማርያም፣ አልነካኋትም።» ልታጠባ እጇ ታስሮ ነበርና ጎንበስ ብላ በዓይኗ ብቻ አየች። አዲሱ እጅ ከፊተኛው ይሰፋል። ከጀርባ በኩል ያሉትን ጣቶች አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ወፍራም፣ ረዥም፣ ቀልተው ያበጡ። መጀመሪያ ያለችው ግን ከመሐል የተቆረጠች ጉብታ ነበረች።

ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ወልዴ» አለች፤ «ሾተላይ ጣት ይጎድለዋል እንዴ?»

ወልደተንሣኤ ወደ አልጋው ሄደ። ሰው ወደ ጉድጓድ አፍ እንደሚሄድ ነው የሄደው። ቀኝ እጁን ከልጅቷ በላይ ዘረጋው። ሌላ ሰው መጥቶ መለካት አላስፈለገውም።

«ትን ብሏት ነበር» አለ። «አነሣኋት።»

አስካለማርያም ሳቀች፤ ደስታ የሌለበት፣ አጭር ሳቅ። «ስንት ቀን ታሰርኩ? አንተ ደግሞ መሬት ስታይ ከረምክ።»

እሱ ነጠላዋን ፈታላት።

«እንግዲያ የሱንም እጅ ተውሶ ነዋ» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ፊቱ አልነበረም።

«እንግዲያ የርስዎም አይቅር እማማ። ይንኳትና እንይ» አለች አስካለማርያም።

ማንም እንዲህ ተናግሯቸው አያውቅም። ከዚያ የቀኝ አውራ ጣታቸውን በልጅቷ ጭን ላይ አሳርፈው፣ ሰው ሊጥ መቡካቱን እንደሚፈትሽ፣ ጫን አድርገው አሸት አደረጓት። ሲነጋ እዚያው ቦታ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ውኃ የቋጠረ ክብ ወጥቶ ነበር። ሰባት ልጅ ያሳደጉበትን ጣት ቀሚሳቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉ።

«በእኔም ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ሐኪም ይያት» አሉ።

በእጅ እንዳይዟት ፈሩ። ሰፌድ ላይ የበግ ጠጉሩን ጎዝጉዘው፣ ላዩ ላይ አስተኝተው፣ ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ይዘው፣ አሮጊቷም ተከትለው፣ ከጎረቤላ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

«ሰፌዱ ከላይ ነው የሚጫነው» አለ ረዳቱ።

«አንተን ከላይ ይጫኑህ» አሉት እማማ ወለተሐና። «ሰው አለበት።»

መንገዱ ጉም ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ያዘግማል፤ አልፎ አልፎ የበግ መንጋ ከነጩ ውስጥ ያለ እግር ተንሳፍፎ ይመጣና ይጠፋል። ከፊት ወንበር ያለች አንዲት ሴት ዞራ ዞራ ስታይ ቆይታ አልቻለችም።

«ምነው አታቅፏትም? የናንተ አይደለችም?»

«የኛ ስለሆነች ነው የማናቅፋት» አለች አስካለማርያም። ሴትየዋ አማተበችና ወደ ፊቷ ዞረች፤ ደብረ ብርሃን እስኪገቡ አልዞረችም።

የቆዳ ሐኪሟ ማርያማዊት የምትባል የለሚ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች። ልጅቷን ከሰፌዱ አላነሣቻትም። መብራት አቅርባ፣ ጎንበስ ብላ፣ የጣት ቁስሎቹን ብዙ አየች።

«በዚህኛው እጅ ያነሣት ማነው?»

ወልደተንሣኤ እጁን አወጣ፤ ጎዶሎ ጣቱን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እኔም ባነሣት የኔ እጅ ይወጣል» አለች። «የማንም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?» አለች አስካለማርያም።

«ቆዳችን ድርብ ነው። የላይኛው ከታችኛው ላይ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ተይዟል። ሕዋሶቹ የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱ ናቸው ተሰብስበው የሚይዙት።»

«እንደ ሙጫ?» አለ ወልደተንሣኤ፤ ስለ ቆዳ የሚያውቀው ነገር ያለ መስሎት።

«አይደለም። ሙጫ ይፈሳል፣ ይደርቃል። ይሄ እንደ እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። ቆይ፣ ተነሡ።»

አስካለማርያምን መሐል አቆመቻት። «አንቺ የሕዋሱ ግድግዳ ላይ የምትቆሚው የመጀመሪያዋ ነሽ፤ አንድ እጅሽ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ።» ራሷ በውስጥ በኩል ሄዳ የእናቲቱን እጅ ያዘች፤ በሌላ እጇ የመስኮቱን መጋረጃ ጨበጠች። «እኔ ፕሌክቲን የሚሉኝ ነኝ። ሕዋሱ ውስጥ የተዘረጉ ጠንካራ ገመዶች አሉ፤ ይሄ መጋረጃ ገመዱ ነው እንበል። እኔ አንቺን ከገመዱ ጋር አስራለሁ። እኛ ሁለታችን ስንገናኝ ነው ሦስተኛው የሚመጣው። እርስዎ ይምጡ። እርስዎ እጀ ረጅም ነዎት፤ እኛንም ይይዛሉ፣ ከታች ያለውን ምንጣፍም፣ የታችኛውን ቆዳ ማለቴ ነው፣ ይይዛሉ።» ወልደተንሣኤ በአንድ እጁ የሚስቱን ክንድ ይዞ በሌላው የአልጋውን እግር ጨበጠ። «እማማ ደግሞ የመጨረሻዋ። እሱንም መጋረጃውንም ይያዙልኝ።»

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ያዙ። አራት ሰው ተያይዞ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመ፤ በመሐላቸው ሰፌድ ላይ ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ታያቸዋለች። ከኮሪደሩ የሰው ሳል ይሰማል።

«በእያንዳንዱ ሕዋስ ሥር እንዲህ ያሉ ብዙ፣ ብዙ አሉ» አለች ሐኪሟ። «አንዱ ይመጣል፣ ሌላውን ይጠራል፣ ይያያዛሉ። ሲፈርስ እንደገና ይሠሩታል። አሁንም፣ እዚህ ቆመን ሳለን። አሁን እርስዎ ይልቀቁ።»

ወልደተንሣኤ ለቀቀ። አስካለማርያም ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ መጋረጃው ከነሽቦው ተንኳኳ።

«የሊያ እንዲህ ነው። የቀሩት ይመጣሉ፤ አንደኛው ግን ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ ነው የሚሠራው። እኔ ረጅሙን እጠረጥራለሁ። በዓይን አይለይም፤ ናሙና አዲስ አበባ መላክ አለበት፣ ምናልባትም ውጭ አገር።»

«ቆዳ ስለምፍቅ ነው?» አለ። ይህንን ጥያቄ ከዓምና ጀምሮ ይዞት ዞሯል።

«አይደለም።»

«የሷ እጅ ነው?»

«አይደለም። ፕሮቲኑ የሚሠራበት ትእዛዝ ከወላጆች ይወረሳል። አንዱ የተሳሳተ ትእዛዝ ከርስዎ መጥቷል፣ አንዱ ከሷ። እናንተን ምንም አያደርጋችሁም፤ ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ነው።»

«ሾተላይ የለም በይኛ» አሉ እማማ ወለተሐና።

«እኔ የማውቀው ይሄንን ነው እማማ። ስሙን እንዳሻዎ።»

መድኃኒት አለው ወይ ሲሏት አልዋሸቻቸውም። የሚያድን የለም፤ የሚያኖር ጥንቃቄ ግን አለ። በብብቷ አትነሣም፤ መዳፍ ተዘርግቶ ከሥሯ ይገባል፣ ከተኛችበት የበግ ጠጉር ጋር ወደ ላይ ትነሣለች። ልብሷ ተገልብጦ ይለበሳል፣ ስፌቱ ወደ ውጭ። ውኃ የቋጠረው በንጹሕ መርፌ ይፈሳል፣ ሽፋኑ አይላጥም፣ ቫዝሊን በተቀባ ጨርቅ ይሸፈናል። ምንም ነገር አይታሰርባትም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ ቶሎ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል። የሊያን ገና አላውቅም አለች።

መዘዞ መሄዱ ቀረ። ስለ እሱ የተናገረ ሰው የለም፤ የታጠበው ጨርቅ ለቤት ዋለ። እማማ ወለተሐና አነሣሡን በድመቷ ተለማመዱ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ከሥሯ ሲያስገቡ፣ ሲያነሡ፣ ሲያወርዱ፣ ድመቷ እሳቸውን ስታይ ቤት ለቃ መውጣት እስክትጀምር ድረስ።

ወልደተንሣኤ ግን ሥራው ከበደው። ያስቀመጠውን ቆዳ ከውኃ ሲያወጣው ልኩን አልፎ ነበር፤ አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ ጠጉሩ ከነሽፋኑ ተንሸራቶ ከእጁ ጋር መጣ። ያ ዝምታ መጣ። አሁን ግን ዝምታው ውስጥ ያለውን ያውቃል፤ በዚህች በጣት ስፋት ውስጥ ስንትና ስንት እጅ ተያይዞ ኖሮ፣ ፍየሏ ሞታም ይዞ ቆይቶ፣ አሁን አንድ ላይ ለቀቀ። የራሱን ክንድ አየው። እዚያም አሉ፤ በጨለማ ውስጥ፣ ሳይታዩ፣ እሱን ሳያማክሩ፣ ይዘውታል። በደጃፉ ያለፈውን ሰው ሁሉ እንዲያ ያየው ጀመር፤ ተይዞ የሚሄድ። አንዳንድ ጊዜ ሌላውን ሰው ሰላም ሲል እጁን ቶሎ ይመልሳል። ይህ ነገር እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተወውም።

ሰማንያው ደረሰ። ዋዜማውን ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ ቴዎፍሎስ ሄዶ ነገራቸው። አባ ቴዎፍሎስ ለዳዊታቸው ብራና ከእሱ የሚወስዱ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሰምተው ሰምተው፣ «ውኃውን በእፍኝ አፈስባታለሁ፤ ለታመመ ልጅ ይሆናል» አሉ። «ማተቡስ?»

«አይሰሩባት አባ። አንገቷን ይቆርጣታል።»

«ማተብ የሌላት ክርስቲያን?»

«አንገት የሌላት ክርስቲያንስ?»

አባ ቴዎፍሎስ ረዘም አድርገው አዩት። «ድምፅህ ለዜማ ነው እምቢ ያለው» አሉ፤ «ለዚህ ለዚህማ ደህና ነህ።»

ጠዋት ጉሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ቆሞ ነበር፤ ከውስጥ ሲታይ በሩ ነጭ ጨርቅ የተጋረደበት ይመስላል። የክርስትና እናቷ እማማ ወለተሐና ናቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የበግ ጠጉሩን ከሥሯ አስገብተው አቀረቧት። አባ ቴዎፍሎስ ውኃውን በእፍኛቸው ሦስት ጊዜ አፈሰሱባት፤ ሊያ ተነፈሰች፣ አላለቀሰችም። ሜሮኑን በጣታቸው ሲያስነኩ እጃቸው ከቆዳዋ አጠገብ ሲደርስ ቆም እያለ ነበር፤ ወልደተንሣኤ እያንዳንዷን መቆም አያት። ማተቡ አንገቷ ላይ አልታሰረም፤ በጋቢዋ ጠርዝ ላይ ተሰፋ። ከኋላ ያሉ ሴቶች ተንሾካሾኩ። አስካለማርያም ሰምታ ወደ ኋላ ዞር አለች፤ ሹክሹክታው ቆመ።

ወለተ ሩፋኤል ተባለች።

ቤት ሲገቡ ድግሱን ማንም አልነካም። ቀኑ እስኪያዘቀዝቅ ጠበቁ፤ እጅ የሚወጣው ጊዜ ወስዶ ነው። ብርሃን ሳይጠፋ ሦስቱ አልጋውን ከበው ቆሙ። አስካለማርያም ጨርቁን ስትገልጥ ዝግ ባለ ድምፅ ታዜም ነበር፤

ቀስ ብለህ ና እንቅልፍ፣ በጣትህ ረግጠህ፣
ልጄን እንዳትነካት፣ ጋቢዋን ገልጠህ።

ጎኗ ንጹሕ ነው። ጀርባዋ ንጹሕ ነው። የካህን እጅ የለም፣ የአሮጊት እጅ የለም፣ የእናት የለም። እማማ ወለተሐና ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ ሊያ በእንቅልፏ እግሯን ስታወራጭ ተረከዟ ላይ አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ውኃ የቋጠረች ጉብታ ታየች፤ አንዱን እግር በሌላው ስታሽ ያወጣቻት።

አሮጊቷ ወደ ኋላ አሉ። «ይህቺስ የማን ናት?»

አስካለማርያም ጎንበስ ብላ አየቻት።

«የራሷ ናት» አለች። እጇንም ወደ ባሏ ዘረጋች፤ ወልደተንሣኤ መርፌውን አቀበላት፣ መብራቱንም ይዞ ጠጋ አለ።